የኤንኢኤስ ኢሙሌተር፦ የሲፒዩ ቴስቱ ያልፋል፣ የስክሪን ክፍፍሉና ድምፁ ግን አልተስተካከለም

ነጥብ_341

ሰላም ለሁላችሁ። ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርጌ ልለቀው የማስበው የኤንኢኤስ ኢሙሌተር (የድሮውን የኔንቴንዶ ጌም ማሽን በኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) አራት ቦታ ላይ ተይዟል። የዶላር ምልክት ያለባቸው አድራሻዎች ሄክስ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ተራ ቁጥር ነው።

ኮዱ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ነው፤ መስኮቱና ድምፁ በኤስዲኤል 2 ይሠራሉ። ሲፒዩውን የሚፈትነው የኔስቴስት ሎግ እስከ መጨረሻው 8991ኛ መስመር ድረስ ከነሳይክል ቁጥሩ ይገጥማል። ዋናው ሉፕ ሲፒዩውን አንድ ትዕዛዝ ያስፈጽማል፣ የፈጀውን ሳይክል ከሠንጠረዥ ያነባል፣ ከዚያ የሳይክሉን ሦስት እጥፍ ያህል ፒፒዩውን (የምስል ቺፑን) ያራምዳል። የፒፒዩው የስክሮል ሬጅስተር $2005 ላይ የሚጻፈው ዋጋ በሁለት ቫሪያብሎች (አግድም ስክሮልና ቁልቁል ስክሮል) ይቀመጥና ፒክስሉ ሲሳል በቀጥታ ከእነሱ ይሰላል።

የማይሠራው ይኸው ነው። ስክሪኑን ለሁለት የሚከፍሉ ጌሞች ላይ፣ የነጥብ ሰሌዳው ካለቀበት መስመር በታች አንድ ሁለት መስመር ተቆርጦ ይንቀጠቀጣል። ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ከርዕስ ስክሪኑ ጭራሽ አያልፍም። ድምፁ በ48000 ሳምፕል፣ በ512 ሳምፕል ባፈር እየወጣ በየ6 ወይም 7 ሰከንዱ ጠቅ ይላል፤ ቀጫጭን ድምፆች ላይ ደግሞ በጌሙ ውስጥ የሌለ ፉጨት አለ። ኤምኤምሲ3 (በካርትሪጁ ውስጥ ያለ ተጨማሪ ቺፕ) ያላቸው ጌሞች ክፍፍላቸው ከቦታው ይዘላል፤ ከእነሱ አንዱን ኢሙሌተሩ ጭራሽ ማፐር (የካርትሪጅ ቺፕ ዓይነት ቁጥር) 68 ነው ይለኛል፣ መሆን ያለበት ግን 4 ነው።

በመጨረሻም ኮዱን ከመልቀቄ በፊት ስለ ላይሰንስና ስለ ቴስት ሮሞች (ኢሙሌተሩን የሚፈትኑ የካርትሪጅ ፋይሎች) ምን መጠንቀቅ አለብኝ?


ሳይክል_ቆጣሪ

የመጀመሪያው ችግር ከዋናው ሉፕህ የመጣ ነው። ሲፒዩህ መጀመሪያ ሥራውን ይጨርሳል፣ ጊዜው የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው። እውነተኛው ቺፕ ላይ ሥራውና ጊዜው አብረው ነው የሚሄዱት።

ኤልዲኤ $2002ን (የፒፒዩውን ሁኔታ የሚያነብ ትዕዛዝ) ውሰድ። አራት ሳይክል ይፈጃል፤ $2002 የሚነበበው በአራተኛው ሳይክል ላይ ነው። አንተ ጋ ንባቡ የሚሆነው ፒፒዩው ገና አንድም ነጥብ (የፒፒዩው የጊዜ እርምጃ) ሳይራመድ ስለሆነ፣ ከ3 ሳይክል ማለትም ከ9 ነጥብ በፊት የነበረውን ሁኔታ ነው የምታየው። 7 ሳይክል በሚፈጁት ትዕዛዞች ደግሞ ስህተቱ እስከ 18 ነጥብ ይደርሳል። አንድ መስመር 341 ነጥብ ብቻ ነው ያለው፤ ፒፒዩው አግድም ስክሮሉን የሚያድሰው ነጥብ 257 ላይ ነው። የጌሙ ጽሕፈት ከ257 በፊት ወይም በኋላ መውደቁ በየፍሬሙ ከተለዋወጠ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ኔስቴስት ይህን አይዝም፤ እሱ የሚያየው የሳይክሉን ድምር ነው፣ ንባቡ በስንተኛው ሳይክል እንደሆነ አይጠይቅም።

መፍትሔው ጊዜውን ወደ ባሱ (ሲፒዩው የሚያነብበትና የሚጽፍበት መንገድ) ማውረድ ነው፦

አንብብ(አድራሻ)፦
   ፒፒዩን 3 ነጥብ አራምድ
   ኤፒዩን (የድምፅ ክፍሉን) 1 ሳይክል አራምድ
   ካርትሪጁን 1 ሳይክል አራምድ
   በአድራሻው ያለውን ባይት መልስ

ጻፍ የሚለውም ፈንክሽን እንዲሁ ይሁን። 6502 (የኤንኢኤሱ ሲፒዩ ዓይነት) በእያንዳንዱ ሳይክል ወይ ያነባል ወይ ይጽፋል፤ ዝም የሚልበት ሳይክል የለም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ትዕዛዝ ንባብና ጽሕፈት አንድ ሳታስቀር ከጻፍክ ሳይክሉ ራሱ ይቆጠራል፤ ሠንጠረዡን አውጥተህ ለማመሳከሪያ ብቻ አስቀምጠው።

ሰዎች የሚዘሏቸው የማይታዩት ንባቦች ናቸው፣ እዚህ ላይ ጊዜ ስጥ። አድራሻ ላይ ኤክስ ተደምሮ ሲነበብ ድምሩ የ256 ባይቱን ገጽ ካለፈ፣ ቺፑ መጀመሪያ የላይኛው ባይት ሳይስተካከል የተሳሳተውን አድራሻ ያነባል፣ ቀጥሎ ትክክለኛውን። በጽሕፈት ጊዜ ደግሞ ገጽ ባያልፍም ሁልጊዜ ያንን ንባብ ያደርጋል። ንባቡ $2002 ወይም $2007 (የፒፒዩው የዳታ ሬጅስተር) ላይ ካረፈ ፍላግ ያጠፋል ወይም አድራሻ ያራምዳል፤ ዋጋው ተጥሎ ቢቀርም ጉዳቱ አይቀርም። እንደ ኢንክ ያሉ አንብበው ለውጠው የሚጽፉ ትዕዛዞች መጀመሪያ አሮጌውን ዋጋ እንዳለ መልሰው ይጽፋሉ፣ ከዚያ አዲሱን። ኤምኤምሲ1 የሚባለው የካርትሪጅ ቺፕ በተከታታይ ሳይክል ከመጡ ሁለት ጽሕፈቶች ሁለተኛውን ችላ ስለሚል ይህን ካልሠራህ ባንክ ቅየራው (የሮም ክፍሎችን መቀያየሩ) ይሳሳታል። በተዘዋዋሪ ጄኤምፒ (የዝላይ ትዕዛዝ) ላይ የአድራሻው ታችኛ ባይት 255 ከሆነ የላይኛው ባይት የሚመጣው ከዚያው ገጽ መጀመሪያ ነው። የ$4014 ኮፒ (የስፕራይት ዳታ ወደ ፒፒዩው የሚተላለፍበት) 513 ሳይክል ይፈጃል፣ ጎዶሎ ሳይክል ላይ ከጀመረ 514።

ይህን ሁሉ ለመፈተሽ ሲንግል ስቴፕ ቴስትስ የሚባለውን ስብስብ ተጠቀም። ለእያንዳንዱ ኦፕኮድ 10000 ቴስት አለው፤ በየሳይክሉ የትኛው አድራሻ እንደተነካ፣ ንባብ ይሁን ጽሕፈት ይነግርሃል። የኤንኢኤሱን 6502 ለብቻው ለይቶ አስቀምጦታል፣ ያንን ውሰድ፤ በተራው 6502 ላይ የዴሲማል ስሌት ስላለ ኤዲሲና ኤስቢሲ (መደመርና መቀነስ) ይወድቁብሃል።

ስክሮሉን በሁለት ቫሪያብል መያዝህን ግን አሁኑኑ ተው። ቺፑ ውስጥ ያሉት 15 ቢት የሆኑ ቪ (አሁን የሚሠራበት አድራሻ) እና ቲ (ጊዜያዊ ማቆያው)፣ 3 ቢት የሆነው የኤክስ ጥቃቅን ስክሮልና የመጀመሪያና ሁለተኛ ጽሕፈት መለያ አንድ ቢት ናቸው። $2005 እና $2006 የሚጽፉት እዚያው ቲ ላይ ነው፤ ለዚህ ነው ሁለቱን እያቀላቀሉ የሚጽፉ ጌሞች ያንተ አሠራር ላይ የሚበላሹት። በየ8 ነጥቡ የቪ አግድም ክፍል ይጨምራል፣ ነጥብ 256 ላይ ቁልቁሉ ይጨምራል፣ ነጥብ 257 ላይ የአግድም ቢቶቹ ከቲ ወደ ቪ ይገለበጣሉ፤ የቁልቁሎቹ የሚገለበጡት ፍሬሙ ከመጀመሩ በፊት ባለው መስመር ከነጥብ 280 እስከ 304 ብቻ ነው። የታይል (የ8 በ8 ፒክስል ምስል ቁራጭ) ረድፉ 29 ሲደርስ ወደ 0 ተመልሶ ኔምቴብሉን (የታይሎቹን አቀማመጥ የያዘውን ሠንጠረዥ) ይቀይራል። ጌሙ ራሱ 30 ወይም 31 ጽፎ ከሆነ ግን 31 ላይ ወደ 0 ይመለሳል እንጂ ኔምቴብሉን አይቀይርም።

ማሪዮን በተመለከተ፦ ጌሙ በኤንኤምአዩ (ፒፒዩው በየፍሬሙ በሚልከው ኢንተራፕት) ውስጥ የስፕራይት ዜሮ ፍላግ (የመጀመሪያው ስፕራይት፣ ማለትም ተንቀሳቃሽ ምስል፣ ከጀርባ ምስሉ ጋር ሲጋጭ የሚበራው) እስኪጠፋ ይጠብቃል፣ ከዚያ እስኪበራ ይጠብቃል፣ ከዚያ 20 ዙር የማቆያ ሉፕ አዙሮ ስክሮሉን ይጽፋል። ከሁለቱ መጠበቂያዎች በየትኛው ላይ እንደሚዞር ፕሮግራም ካውንተሩን አይተህ ለይ። መጀመሪያው ላይ ከሆነ ፍላጉን ከፍሬሙ በፊት ባለው መስመር ነጥብ 1 ላይ አላጠፋኸውም። ሁለተኛው ላይ ከሆነ ግጭቱን አላየኸውም ማለት ነው። እዚህ ጋ በብዛት የሚያሳስተው ቅድሚያ ቢቱ ነው፤ የማሪዮ ስፕራይት ዜሮ ከጀርባ ምስሉ ኋላ እንዲሆን የተደረገ ነው፣ ግጭቱ ግን ስፕራይቱ ከፊት ሆነ ከኋላ ይቆጠራል። የሁለቱም ፒክስሎች ግልጽ ያልሆኑ መሆናቸውና ሁለቱም ሥዕሎች መብራታቸው ብቻ ነው የሚፈለገው። ኤክስ 255 ላይ ግጭት የለም፤ የግራው 8 ፒክስል በማስክ ከተሸፈነም እዚያ የለም። ስፕራይቱ የሚታየው ደግሞ ከተጻፈለት ዋይ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ ነው።


ሞገድ

በየ6 እና 7 ሰከንዱ የሚመጣው ጠቅታ በስሌት የሚገኝ ነው። ኤንኢኤስ በሰከንድ 60.0988 ፍሬም ያወጣል። የአንድ ፍሬም ድምፅ 48000 ሲካፈል ለ60.0988፣ ማለትም 798.68 ሳምፕል ነው። አንተ ፍሬሙን የምትለቀው በስክሪኑ 60 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ የምታመርተው 47921 ሳምፕል ብቻ ነው። የድምፅ ካርዱ 48000 ይበላል። ጉድለቱ በሰከንድ 79 ሳምፕል ነው፤ 512 ሳምፕል ትርፍ ይዘህ ከጀመርክ በ6.5 ሰከንድ ያልቃል፣ ያኔ ጠቅ ይላል። ባፈሩን ወደ 2048 ብታሳድገው ጠቅታው በየ26 ሰከንዱ ይመጣል እንጂ አይጠፋም፣ ድምፁ ደግሞ ከእንቅስቃሴው ወደኋላ ይቀራል።

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ስክሪኑን ትተህ ድምፁን ሰዓት ማድረግ ነው፦ ባፈሩ ከግማሽ በላይ ከሞላ ጠብቅ፣ ከጎደለ ቀጣዩን ፍሬም አስኪድ። ድምፁ ንጹሕ ይሆናል፤ ነገር ግን በየ10 ሰከንዱ ገደማ አንድ ፍሬም ሳይታይ ያልፋል፣ ስክሮል ላይ ዓይን ይይዘዋል። ሌላው፣ እኔም የምመርጠው፣ በስክሪኑ እየሄድክ የሳምፕል ምጣኔውን በጥቂቱ ማስተካከል ነው። ባፈሩ ከግማሽ ሲጎድል ትንሽ አብዝተህ፣ ሲበዛ ትንሽ ቀንሰህ አምርት፤ ለውጡ ከ0.5 በመቶ አይለፍ። አንተ የሚያስፈልግህ 0.165 በመቶ ብቻ ስለሆነ ቅላጼው ተቀየረ ብሎ የሚሰማ ጆሮ አይኖርም።

ፉጨቱ ሌላ ነገር ነው። ኤፒዩው በሰከንድ 1789773 ጊዜ ዋጋ ያወጣል፤ አንተ ከየ37ቱ አንዱን እየለቀምክ ሌላውን ትጥላለህ። የካሬ ሞገዱ ከፍተኛ ሃርሞኒኮች ከ24000 ኸርዝ በላይ ስለሚሄዱ ወደ ታች ታጥፈው ይሰማሉ፣ የምትሰማው ፉጨት እሱ ነው። ርካሹ መፍትሔ በመካከል ያሉትን ሁሉ ደምሮ አማካዩን መውሰድ ነው፤ ግማሹን ያሻሽላል። ትክክለኛው ግን የቻናሉ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር የለውጡን መጠንና ሳይክሉን ብቻ መዝግቦ፣ በዚያ ቦታ የተጣራ ደረጃ መጨመር ነው። ብሊፕ ባፍ የምትባለው ትንሽ ላይብረሪ የምትሠራው ይህንኑ ነው። 37 ብለህ በሙሉ ቁጥር አትክፈል፤ ትክክለኛው 37.287 ነው። በየሲፒዩ ሳይክሉ 48000 ደምር፤ ድምሩ 1789773 ሲደርስ ያንኑ ቀንሰህ አንድ ሳምፕል አውጣ።

ሦስት ማዕዘኑ ቻናል ሲቆም ዋጋውን ወደ 0 አትመልሰው። ባለበት ደረጃ ነው የሚቆመው፤ ከመለስከው በእያንዳንዱ ኖታ መጨረሻ ጥፊ የመሰለ ድምፅ ይወጣል። ቻናሎቹንም እንዲሁ አትደምራቸው፤ ሁለቱ ካሬዎች ለብቻ፣ ሦስት ማዕዘኑ ከኖይዙና ከዲኤምሲው (የተቀዳ ድምፅ ከሚያጫውተው ቻናል) ጋር ለብቻ፣ ቀጥታ ባልሆነ ቀመር ነው የሚቀላቀሉት። ዲኤምሲው ከፍ ሲል የሦስት ማዕዘኑ ድምፅ የሚቀንሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዳንድ ጌሞች ሆን ብለው ይጠቀሙበታል።


ነጥብ_341

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማሪዮ የቆመው ስፕራይቱ ከኋላ ሲሆን ግጭቱን ስለማልፈትሽ ነበር፤ አሁን ያልፋል። ባሱን በየሳይክሉ ማራመዱና ቪ እና ቲ ገብተው ክፍፍሉም ረግቷል። የምጣኔ ማስተካከያው ጠቅታውን አጥፍቶታል። ቀሪው ኤምኤምሲ3 ነው፤ መቁጠሪያውን በየመስመሩ መጨረሻ አንድ ጊዜ ነው የምቀንሰው፣ አንዳንዱ ጌም ላይ ይገጥማል፣ ሌላው ላይ አንድ መስመር ይስታል።

አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ ፒፒዩውን በየሳይክሉ ከማራመድ ይልቅ ሬጅስተሩ ሲነካ ብቻ ወደኋላ የቀረውን ማስከተል አይፈጥንም?


ሳይክል_ቆጣሪ

ይፈጥናል፤ ነገር ግን ኤንኤምአይ መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ መተንበይ ያስፈልግሃል፣ ከማፐሩ ኢንተራፕት ጋር ሲሆን ደግሞ ትንበያው ይከብዳል። ፒፒዩው በሰከንድ 5.37 ሚሊዮን ነጥብ ገደማ ነው የሚራመደው፤ ይህ ለዛሬ ፕሮሰሰር ምንም አይደለም። መጀመሪያ ትክክል ይሁን።


ካርትሪጅ_ፈቺ

ኤምኤምሲ3 መስመር ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚያየው ፒፒዩው ወደ ካርትሪጁ የሚልካቸውን የአድራሻ ሽቦዎች ነው፤ ከእነሱም ቢት 12 ከ0 ወደ 1 ሲነሣ ይቆጥራል። ቢት 12 የሚነሣው ፒፒዩው ከ$1000 ጀምሮ ካለው የታይል ሠንጠረዥ ሲያነብ ነው። ጀርባው ከ$0000፣ ስፕራይቱ ከ$1000 ከሆነ መነሣቱ ነጥብ 260 አካባቢ ላይ ይውላል። ቦታቸውን ከተለዋወጡ ግን ወደ ነጥብ 324 ይሄዳል። አንተ አንድ ቦታ ላይ ስለቸከልከው ነው ከፊሉ ጌም ገጥሞ ሌላው የሳተው።

ስለዚህ ፒፒዩህ እውነተኛውን ንባብ ሁሉ ማድረግ አለበት፣ የማያስፈልገውን ጭምር። ከነጥብ 257 እስከ 320 ለ8 ስፕራይቶች ይነበባል፤ መስመሩ ላይ አንድም ስፕራይት ባይኖር እንኳ በባዶዎቹ ቦታ ታይል 255 ይነበባል። ይህን የዘለለ ኢሙሌተር ስፕራይት የሌለባቸውን መስመሮች አይቆጥርም።

በስፕራይት ንባብ ጊዜ ቢቱ በየ8 ነጥቡ ይወርድና ይነሣል፤ ሁሉንም ከቆጠርክ በአንድ መስመር 8 ታገኛለህ። ቺፑ ይህን የሚያጣራው ቢቱ ለሦስት ያህል የሲፒዩ ሳይክል ዝቅ ብሎ ካልቆየ መነሣቱን ባለመቁጠር ነው። የወረደበትን ጊዜ መዝግብና ልዩነቱ ከ9 ነጥብ በታች ከሆነ ተወው። በትክክል ከሠራ፣ ጀርባው $0000 ስፕራይቱ $1000 ሆኖ ሥዕሉ በርቶ፣ በአንድ ፍሬም 241 ቆጠራ ታገኛለህ፦ 240 የሚታዩ መስመሮችና አንዱ ቅድመ መስመር። ቁጥሩን አሳትመህ እይ፣ ሌላ ከሆነ ስህተቱ ንባብህ ላይ ነው። መቁጠሪያው ዜሮ ከሆነ ወይም እንዲሞላ ከታዘዘ ይሞላል፣ አለዚያ አንድ ይቀንሳል፤ ከዚያ በኋላ ዜሮ ከሆነና ኢንተራፕቱ ከተፈቀደ ሲፒዩውን ይጠራል። ቅደም ተከተሉን አትለውጥ።

ማፐር 68 ያለህ ፋይል የቆየ ነው። በራስጌው ከባይት 7 እስከ 15 ድረስ ዲስክዱድ የሚል ጽሑፍ በድሮ ፕሮግራም ተጽፎበታል፤ የመጀመሪያው ፊደል ባይት 7 ላይ ስለሚያርፍ በማፐሩ ቁጥር ላይ 64 ይጨምራል። 64 እና 4፣ 68። ፋይሉ ኤንኢኤስ 2.0 (አዲሱ የራስጌ ቅርጸት) ካልሆነና ከባይት 12 እስከ 15 ዜሮ ካልሆኑ የባይት 7ን የላይኛውን አራት ቢት ጣለው። የሲኤችአር (የምስል ዳታ) መጠን 0 የሚልበት ቦታ ደግሞ ምስል የለም ማለት ሳይሆን 8 ኪሎባይት ራም አለ ማለት ነው።

የትኛው ሬጅስተር በየትኛው መስመርና ነጥብ ላይ እንደተነካ ለማየት ሜሴን የሚባለው ኢሙሌተር ላይ ያለውን የኢቨንት መመልከቻ ክፈትና ከራስህ ሎግ ጋር አስተያይ። ሰዓታት ያተርፍልሃል።


ክፍት_ኮድ

ስለ ላይሰንስ፦ ኤምአይቲ (ልቅ የሆነውን ላይሰንስ) ልትል ካሰብክ ከሌላ ኢሙሌተር አንድ ፈንክሽን እንኳ አትገልብጥ። የሜሴን ላይሰንስ ጂፒኤል 3 ነው፤ ከእሱ ኮድ ከወሰድክ ያንተም በጂፒኤል 3 ነው መሰራጨት ያለበት። ወደ ሌላ ቋንቋ መልሼ ጻፍኩት ማለት አያድንም፣ ተውሶ ነው። የሃርድዌሩን ሰነድ አንብቦ መጻፍና እንደ መመልከቻ አስኪዶ ማወዳደር ግን ችግር የለበትም። የላይሰንስ ፋይሉን በመጀመሪያው ኮሚት አስገባ፤ ሌሎች ሰዎች ኮድ ካዋጡ በኋላ ለመቀየር የእያንዳንዱን ፈቃድ መለመን አለብህ።

ኤንኢኤስ ባዮስ ስለሌለው አንድ ጣጣ ቀንሶልሃል። የጌም ሮም ግን ሪፖዚተሪው ውስጥ፣ በቴስት ፎልደርም፣ በአሮጌ ኮሚትም አይገኝ። ፋይሉን ብታጠፋው እንኳ በታሪኩ ውስጥ ይቆያል፤ ካስገባህ ከመልቀቅህ በፊት ታሪኩን አጽዳ። ቴስት ሮሞቹም ሁሉም የተጻፈ ፈቃድ የላቸውም፤ ከማስገባት ይልቅ የሚያወርድና ሃሻቸውን (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላውን መለያ) የሚያረጋግጥ ስክሪፕት ጻፍ።

በእያንዳንዱ ፑል ሪኩዌስት ላይ ያለ መስኮት የሚሮጥ ሁነታ ያስፈልግሃል። ብላርግ የሚባለው ሰው የጻፋቸው አዳዲሶቹ ቴስቶች ውጤታቸውን $6000 ላይ ይጽፋሉ። መጀመሪያ ከ$6001 እስከ $6003 ባለው ቦታ 222፣ 176፣ 97 መኖሩን አረጋግጥ፤ ያለሱ ገና ያልተጀመረውን አለፈ ትላለህ። $6000 ላይ 128 ካለ እየሠራ ነው፣ 129 ካለ ቢያንስ 100 ሚሊሰከንድ ቆይተህ ሪሴት እንድትጫን ይጠይቃል፣ 0 ካለ አልፏል፣ ሌላ ከሆነ የስህተት ቁጥር ነው። ዝርዝሩ ከ$6004 ጀምሮ በጽሑፍ ይገኛል፣ በዜሮ ባይት ያልቃል፤ እንዳለ ወደ ሎጉ አትመው። የ2005 የቆዩት በስክሪን ብቻ ነው የሚናገሩት፤ ለእነሱ ከተወሰነ ፍሬም በኋላ የምስሉን ሃሽ አወዳድር። የፍሬም ገደብም አድርግ፣ የተሰቀለ ቴስት ሰርቨሩን ለሰዓታት ይይዛል።

ሴቭ ስቴቱን (የጌሙን ሁኔታ ባለበት የሚያስቀምጠውን ፋይል) ስትራክቱን እንዳለ ወደ ፋይል በመገልበጥ አትሥራ። አንድ ቫሪያብል በጨመርክ ቁጥር የሰዉ ሴቭ ሁሉ ይሞታል፤ ኮምፓይለሩ በመሃል የሚያስገባው ባዶ ባይትም ከማሽን ማሽን ይለያያል። እያንዳንዱን ክፍል በስም፣ በመጠንና በስሪት ቁጥር ለይተህ ጻፍ፤ የማፐሩን ሁኔታና ከላይ የተባለውን ቢት 12 የወረደበትን ጊዜ አትርሳ፣ ካልተቀመጠ ስቴቱ በተጫነበት ፍሬም ክፍፍሉ አንድ ጊዜ ይዘላል።

የባግ ሪፖርት ቅጹ ላይ ሮም አያይዙ አትበል። የፋይሉን ሃሽ ያለ 16 ባይቱ ራስጌ አስልቶ የሚያሳይ ትእዛዝ በኢሙሌተሩ ውስጥ አስገባ፣ ራስጌውን ለብቻው ያትም። እንደ ዲስክዱዱ ዓይነት ችግር ሲመጣ ሮሙን ሳታይ ከእነዚያ 16 ባይቶች ትለየዋለህ።